ሦስት ቢጫ ቆርኪ

ዛሬ ጨዋታ የለም። ዛሬ ጨዋታ እንደሌለ ጁዋይሪያ ታውቃለች፤ ሰኞ ነው ብለዋታል፣ ሊነጋ ያለው ደግሞ እሑድ ነው፤ ዓይኗ ግን እንደለመደው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተከፍቶ ጣራውን ያያል። ጣራው ቆርቆሮ ነው። ነፋሱ ከሜዳው አሸዋ እያፈሰ ቆርቆሮው ላይ ይበትናል፣ ድምፁ እህል በወንፊት ሲነፋ ነው፣ እናቷ ረሒማ ደጃፍ ተቀምጣ ማሽላ ስትነፋ፣ አሁን ግን አትነፋም፣ አሁን ተኝታለች፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ተኝታለች። ጁዋይሪያ ወደ ግራ ትዞራለች፤ በግራ የለስላሳ ሳጥን አለ። ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ በቀኝ የስኳር ኬሻ አለ። ከራስጌዋ በላይ መደርደሪያው ላይ ቆርኪዎቹ ተደርድረዋል፤ ሦስት ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ቀዩ ስንት ነበር? አርብ አንድ አስቀምጣ መልሳ አንስታው ነበር፣ ተማሪው ቸርነት ከነገራት በኋላ ሁለት ጨመረች፣ ወይስ አንድ ነው የጨመረችው? ስልኳን አብርታ ቀና አለች። ሦስት ቀይ። ሦስት ለሦስት። ነገ ሰኞ እህቷ ፊርዶስ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች፤ ነገ ሰኞ ጨዋታው ያልቃል። ሁለት ነገር በአንድ ቀን፣ እርሷ ደግሞ አንድ ሰው ናት፣ ያውም መቐለ ያለች፣ መርሳ የሌለች።

ባሕር አልተሻገረችም፣ ፓስፖርት አላወጣችም፤ ከመርሳ መቐለ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ግን ሰው ሁሉ ሲስቅ ለምን እንደሳቀ ሳያውቅ አብሮ ፈገግ የሚል ሰው ስደተኛ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ከሁለት ዓመት በፊት አጎቷ ጃፋር ነበር ያመጣት። ዓዲ ሓቂ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ተማሪ ከሚበዛበት ሻይ ቤት አስገብቷት፣ «ዓይነ አፋር ናት እንጂ ሥራ ላይ አትታማም» ብሎ ለባለቤቷ አስረክቧት፣ እርሱ የቀን ሥራ ፍለጋ ሁመራ ሄደ፣ ከሁመራ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። የመጀመሪያውን ወር በሁለት ቃል ኖረችው፤ ማይ ውኃ ነው፣ ንዒ ነይ ነው። ንዒ ሲሏት ትሄዳለች፣ ማይ ሲሏት ትቀዳለች፣ ሌላ ሲሏት ቆማ መሬት ታያለች። አሁን ብዙ ትሰማለች። መናገሩ ነው እንጂ። አማርኛም ቢሆን፣ የገዛ አፏ አማርኛ፣ ከጥርሷ አያልፍላትም። ከጥርሷ ቢያልፍላትማ ኖሮ ዛሬ እዚህ ተኝታ ጣራ አታይም ነበር።

የነገሩን መጀመሪያ ታስበዋለች፣ መጀመሪያው ግን የቱ ጋ ነው? የዛሬ አራት ዓመት እርሷ ስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች፣ አባቷ ደግሞ በዚያው ሳምንት በጠና ታመመ። ፊርዶስ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ ቀይ ሻርፕ አላት፣ ያቺን ሻርፕ ከራሷ አታወርድም። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ከአባዬ ጋር እቀመጣለሁ» አለች። ተቀመጠችም። አባታቸው አልዳነም፣ ፊርዶስም የራሷን ፈተና ሳትፈተን ዓመቱ አለፈባት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከታናናሾቿ ጋር ተቀመጠች፣ ረጅሟ እያሉ የሚስቁባት እርሷ ናት። ጁዋይሪያ ያኔ አለፈች፣ ለጥቂት። ለጥቂት ያለፈችው ያ ፈተና ምን አደረገላት? ሻይ ቤት አስገባት። ግን ቃል ሰጥታለች፣ በአባታቸው ለቅሶ ላይ፣ ከማድጋው ኋላ ቆመው፤ «ያንቺ ጊዜ ሲደርስ እኔ እቀመጣለሁ»። ጊዜው ደረሰ። እናታቸው ውኃ ተሸክማ ስትመለስ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራለች፣ ሰው ካላነሳት አትነሣም፣ ሰው ካላገላበጣት አትገላበጥም። ጎረቤት ሞልቷል፣ የመርሳ ሰው መቼ ጎረቤቱን ይጥላል፣ ምግቡን ያመጣሉ፣ ቤቱን ይጠርጋሉ። ረሒማ ግን ገላዬን ከልጆቼ በቀር ሰው አያየውም ብላለች። አንድ ቀን ፊርዶስ ወፍጮ ቤት ሄዳ ስትመለስ እናቷን በርጥብ ልብስ ላይ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ከጥዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጎረቤቷን አላስጠጋም ብላ አገኘቻት። እንግዲህ ፈተናው ሰኞና ማክሰኞ ነው፣ ሙሉ ቀን ነው፣ መፈተኛው ከተማው ውስጥ ነው፣ ከመንደራቸው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ።

ይህን ሁሉ ለኣረጋሽ መንገር ነበረባት። ኣረጋሽ የሻይ ቤቱ ባለቤት ናት፣ ኣደይ፣ እናቴ፣ ትላታለች፣ ተማሪዎቹም ኣደይ ነው የሚሏት፤ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ስትቆጣ ታስደነግጣለች፣ ስትስቅም ታስደነግጣለች። ጁዋይሪያ በግንቦት መጨረሻ፣ ኣረጋሽ ቡና ማሽኑን እየወለወለች ሳለ፣ አጠገቧ ሄዳ ቆማ፣ ቆማ፣ ቆማ፣ «ኣደይ፣ ቤት መሄድ ፈልጌ ነበር» አለች። ለምን እንደሆነ አላለችም። ኣረጋሽ አልጠየቀችም፤ «ሕራይ ጓለይ፣ እሺ ልጄ፣ ይቺ የተማሪዎቹ ጨዋታ ትለቅና ትሄጃለሽ» አለች። «እሺ» አለች ጁዋይሪያ። አንድ ጨዋታ መስሏት ነበር። ጨዋታ ይጀመራል ያልቃል፣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ የሚያልቅ ነገር ነው ጨዋታ የሚባለው።

ጨዋታው አሜሪካ ነው። የቅርጫት ኳስ ነው፣ ተማሪዎቹ ባስኬት ይሉታል፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጫወቱ ከርመው አሁን የመጨረሻዎቹ ሁለት ቡድኖች ቀርተዋል አሏት። እዚያ ማታ ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት። ተከራይተው የሚኖሩት ተማሪዎች ዲሽ የላቸውም፣ ኣረጋሽ ዲሽ አላት፣ በዚያ ሰዓት ማን ተነሥቶ በር ይከፍታል ሲባል ኣረጋሽ ሳቀች፣ «ዋእ! የኔዋ ሙስሊም አለች አይደል? ረመዳን ነው፣ ለሱሑር መነሣቷ ካልቀረ!» አለች። እውነቷን ነው። መነሣቷ አልቀረም። እናም ጁዋይሪያ በር ትከፍታለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ዳቦ ትቆርጣለች፣ ከግድግዳው ጥግ ቆማ የራሷን ዳቦ በሻይ እየነከረች፣ አዛን ሳይል ለመጨረስ እየተቻኮለች፣ ጭንቅላቱ መብራቱን ሊነካ ትንሽ የቀረው ሰው እየዘለለ ኳስ ሲከት ታያለች። አጠገቧ ያሉት ይጮኻሉ። ቸርነት የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ የቢጫዎቹ ደጋፊ ነው። ተኽለ እዚሁ የእንዳ ኢየሱስ ሰፈር ልጅ ነው፣ ቀዮቹን ነው የሚደግፈው። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከአንድ ድስት እየበሉ፣ በጨዋታው ሌሊት ግን ጠላት ናቸው።

«አንተ ቸርነት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጭንቅላትህን ነው የመታህ እንጂ እነዚህን ቢጫዎች ጤነኛ ሰው ይደግፋል?»

«ዝም በል፣ ቀዮችህ ኳሱን እንደ ጉንፋን ነው የሚያስተላልፉት፣ ማን እንደያዘው አያውቁም።»

«ጁጁ! አንቺ የማን ነሽ?»

ጁዋይሪያ ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «ከሚጨርሰው ጋር» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ቤቱ ግን በሳቅ ተናጋ፣ ቸርነት ጠረጴዛ መታ፣ «ከሚጨርሰው ጋር! ይቺ ናት ደጋፊ!» አለ፣ እርሷም ፊቷ ነደደ፣ ለምን እንደሳቁ አልገባትም፣ እውነቷን ነው የተናገረችው።

የመጀመሪያው ጨዋታ አለቀ፣ ቢጫዎቹ አሸነፉ፣ እርሷም ወንበሩን እያነሳሳች ነገ ልብሷን ልታጥፍ አሰበች። በሦስተኛው ቀን ያው ሰዎች፣ ያው ሜዳ። ትምህርት ቤት ሳሉ የክፍል ለክፍል ኳስ ነበር፣ ጥሎ ማለፍ ይባላል፣ የተሸነፈ ክፍል ሄዶ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ አለቀ። እዚህ አገር የተጣለው ሰው በነጋታው ልብሱን አራግፎ ይመጣል። ቸርነትን ጠየቀችው፣ ስኳር እያቀረበች፣ ዓይኗን ስኳሩ ላይ አድርጋ። «አራቴ ያሸነፈ ነው ዋንጫ የሚወስደው» አላት። «በስንት ቀን ያልቃል?» አለችው። «በአራትም ሊያልቅ ይችላል፣ በሰባትም» አለ። እንዴት ያለ መልስ ነው? ሰርግ በአራት ቀንም በሰባት ቀንም ሊሆን ይችላል ይባላል? አውቶቡስ ረቡዕም እሑድም ሊነሣ ይችላል ይባላል? ያን ዕለት ነው ቆርኪ መልቀም የጀመረችው። ቀዩ ከኮካ ተገኘ። ቢጫ ስላልነበረ የሚሪንዳውን ብርቱካናማ ቢጫ ብላ ወሰደችው። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ። በአራተኛው ቀን ሦስት ቢጫና አንድ ቀይ ሆነ፣ ቅዳሜ ነበር፣ የፈተናው ሰኞ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል፤ ቆርኪዎቹን በጨርቅ ወልውላ አስተካክላ ደረደረቻቸውና ወደ ቤት ደወለች።

«ጁዌ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ፊርዶስ ናት።

«አንድ ብቻ ነው የቀረው።»

«ምን አንድ?»

«ጨዋታ። ቢጫዎቹ አንዴ ካሸነፉ ያልቃል። ማክሰኞ ካለቀ ረቡዕ እሳፈራለሁ።»

«ካላሸነፉስ?»

«ሦስቴ አሸንፈዋል እኮ!»

«አላህ ያግራላቸው» አለች ፊርዶስ፣ አይታቸው ለማታውቃቸው ረጃጅም ሰዎች። እናታቸው ከመደቡ ላይ «ስልኩን ስጪኝ» ስትል ይሰማል። «ጁዋይሪያ? ሌሊት ሌሊት ይጫወታሉ አለችኝ። ረመዳን አይደለም እንዴ?»

«እነርሱ አይጾሙም፣ እማዬ።»

«እንግዲያማ ጉልበቱ አላቸዋ» አለች እናቷ፣ እንዲያው ሳቅ ያለችም መሰለ፣ ከዚያ እጇ ስልኩን መያዝ ሲያቅተው የአልጋ ልብስ መንኮሻኮሽ መጣ፣ ከዚያ ምንም።

ማክሰኞ ነጭ የለበሱና ጥቁር የለበሱ ሜዳ ገቡ። ጁዋይሪያ በሩን ከፍታ ሻይ ጥዳ ስትመለስ ነው ያየችው፣ እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው? ነጮቹ ቢጫዎቹ ናቸው፣ ያንን እንኳ አወቀች፣ ቸርነት ለእነርሱ እየጮኸ ነው፣ ደግሞ አገራቸው ሲጫወቱ ነጭ ሲለብሱ ከዚያ በፊትም አይታቸዋለች። ጥቁሮቹ ግን ከየት መጡ? ሌላ ቡድን ነው ብላ አሰበች፣ ቀዮቹ ደክሟቸው ሌላ ተተክቶላቸው ይሆናል፣ በዚህ አገር ጨዋታ ምን የማይሆን አለ። ጥቁሮቹ አሸነፉ። ቸርነት ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ፣ ተኽለ እየጨፈረ ተከተለው፣ የሚያስረዳት ሰው አልቀረም። ለጥቁር ቆርኪ አልነበራትም። መደርደሪያው ላይ ሦስት ቢጫና አንድ ቀይ እንደነበረ ቀረ፣ እርሷም ለፊርዶስ ደውላ፣ «ሌላ ቡድን ገብቶ ነው፣ አርብ ያልቃል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለቻት። ፊርዶስ፣ «ሌላ ቡድን መግባት ይፈቀዳል?» አለች። ይቺ ልጅ በሒሳብ ጎበዝ ናት። ጁዋይሪያ ግን፣ «እዚህ ይፈቀዳል» ብላ ዘጋች። እዚህ! መቐለ የተፈቀደ ይመስል።

ከዚያ አርብ ነው። ዳቦዋን ይዛ ቆማ፣ በልቧ፣ ያ ረቢ ቢጫዎቹን አግዛቸው ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ትደነግጣለች፣ በተከበረ ወር፣ ዱዓ ተቀባይ በሆነበት ሰዓት፣ ሰው ጤና ይለምናል፣ ለሞተ አባቱ ይለምናል፣ እርሷ ኳስ ትለምናለች። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጨለመ፣ ሃያ ሰው በአንድ አፍ ጮኸ፣ ወንበር ወደቀ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ «መብራት ኃይል አንተን ያጥፋህ!» አለ አንዱ፣ ስልካቸውን እያበሩ ወደ ውጭ ሮጡ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ። እርሷ በጨለማው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ቢጫ ቆርኪ በአንድ እጇ፣ ዛሬም ለመጡት ጥቁሮች፣ ጥቁር ስለሌላት፣ ቀይ ቆርኪ በሌላው። የቱን ላስቀምጥ? አሜሪካ ላይ መብራት አልጠፋም፣ እዚያ አንዱ አሸንፏል፣ ተቃቅፈው እየዘለሉ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ግን ገና አላለቀም። ቀዩን አስቀመጠች፣ አነሣችው፣ ማሟረት መሰላት።

ሲነጋ ቸርነት መጣ፣ ዓይኑ ቀልቷል። «ሦስት ለሦስት» አለ።

«ማንና ማን?»

«እንዴት ማንና ማን? ቢጫና ቀይ ነዋ!»

«ጥቁሮቹስ?»

«የትኞቹ ጥቁሮች?» አለና አያት፣ ከዚያ ሲገባው ግንባሩን ያዘ። «ጁጁዬ፣ ጥቁሮቹ እኮ ቀዮቹ ናቸው! ማሊያ ቀይረው ነው! ማክሰኞም እነርሱ ናቸው፣ ዛሬም እነርሱ ናቸው!» ሊስቅ ፈለገ፣ ሐዘኑ ግን ከለከለው። «ሰኞ ሌሊት የመጨረሻው ነው። ሰባተኛው። ከዚያ በኋላ የለም።»

ሰኞ ሌሊት። ኣረጋሽም ረፋዱ ላይ መጥታ፣ «ሰኞ ያልቃል አሉ፣ ማክሰኞ ትሄጃለሽ፣ ደስ ይበልሽ» አለቻት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ያን ጊዜ ነበር መናገር። ያን ጊዜ፣ እጇ ጀርባዋ ላይ እያለ። ሰኞ እህቴ ትፈተናለች ማለት፣ አምስት ቃል አይሞላም፣ ስድስት አይሞላም። «እሺ» አለች። እሺ የሚባለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ማንም አይከለክለውም፣ ሌላው ቃል ሁሉ በር ላይ ፍተሻ አለበት። ማታ ለፊርዶስ ደወለች፣ ምን እንዳለቻት በደንብ አታስታውስም፣ ስለ ማሊያ ነገርኳት መሰለኝ ትላለች ለራሷ፣ ስለ መብራት ነገርኳት፣ ፊርዶስ እየሰማች፣ እየሰማች ቆይታ፣ «ግድ የለም ጁዌ፣ የሚቀጥለው ዓመት እፈተናለሁ» አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ጁዋይሪያ ዛሬ ትተኛ ነበር።

ስልኩ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ብትነሣና ዝም ብላ ብትሄድስ? ልብሷን በፌስታል አድርጋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በእግር እስከ መናኸሪያ። ኣረጋሽ ጠዋት መጥታ ባዶ ፍራሽ ታገኛለች፣ ሌባ መሰለችኝ ትላለች፣ አጎቷን ትረግማለች፣ ከዚህ በኋላ የመርሳን ልጅ ማን ያምናል፣ ተመልሳስ የት ትገባለች? ደግሞ ብትቀርስ? ፊርዶስ ሌላ ዓመት፣ ከታናናሾቿ ታናናሾች ጋር፣ ረጅሟ፣ ረጅሟ፣ ረጅሟ። ተኝታ ነው ወይስ ነቅታ? መደቡ ላይ እናቷ ተኝታለች፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ጎንበስ ብለው በበሩ ይገባሉ፣ ጣራው አይበቃቸውም፣ ጥቁር ለብሰዋል፣ እኛ እናንሳት ይላሉ፣ እናቷ ከንፈሯን ነክሳለች፣ የሰው እጅ አይነካኝም ትላለች፣ ከበሩ ውጭ ሰው ይጮኻል፣

«ማይ መጺኡ! ጁጁ! ማይ መጺኡ!»

ውኃ መጥቶ ነው። ከዓይናለም ጉድጓድ የሚላከው ውኃ ለሰፈሩ በአሥር ቀን አንዴ ነው የሚደርሰው፣ ሲደርስም እንደ እንግዳ አያስታውቅም፣ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ይሄዳል። ጓሮው ላይ፣ ውኃ መጣ ሲሏት ከቤቷ ሮጣ የመጣችው ኣረጋሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ጀሪካኖቹን እየወረወረች ትደረድራለች። «ቀልጥፊ ጓለይ፣ ቢጫውን ስጪኝ፣ ያንን ስንጥቁን ተይው!» ጁዋይሪያ ታቀብላለች፣ ትሸከማለች፣ ትመለሳለች። ቧንቧው ይተነፍሳል፣ ይተፋል፣ ይፈሳል። አሥር ሰዓት ሆነ። ሱሑር አልበላችም። ሰባተኛውን ጀሪካን ሲሞሉ ኣረጋሽ ቀና ብላ በግድግዳው መብራት ፊቷን አየችው።

«እንታይ ኾንኪ? ምን ሆነሻል? ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«ውኃ ነው።»

«ውኃ ከዓይን ነው እንዴ የሚፈናጠቀው? ንገሪኝ።»

ጀሪካኑ ሞልቶ እግራቸው ላይ ይፈሳል፣ ማንም አያነሣውም፣ በአሥር ቀን አንዴ የሚመጣ ውኃ፣ ኃጢአት ነው፣ ጁዋይሪያ ውኃውን እያየች፣ ለውኃው እንደምትነግር ሆና፣ «ነገ እህቴ ትፈተናለች፣ እናቴ ተሰብራለች፣ ከእኛ በቀር ሰው እንዲያነሳት አትፈልግም፣ እኔ ስፈተን እርሷ ቀርታልኝ ነበር» አለች። ወጣ። ፍተሻ የለ፣ ምን የለ። እንዴት ቀላል ነበር!

ኣረጋሽ ጀሪካኑን አነሣችና ሌላ ደቀነች። ከዚያ ድምፅዋ አነሰ፤ አንሶ ተሰምቶ አያውቅም። «ጓለይ፣ እኔ ኳስ የምትወጂ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«እኔ?»

«ስኳር ላወጣ ስገባ ቆርኪሽን አያለሁ። ደርድረሽዋል፣ ወልውለሽዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ስታቆሚው ስታነሺው። ይቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር አልጠየቀችኝም፣ ይኸውና የምትወደው ነገር አገኘች፣ መጨረሻውን ሳታይ ባሰናብታት ታዝንብኛለች አልኩ። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ እኔ ልተካት ብላኝ ነበር፣ ተይ አልኳት! ልብ ያለው ሰው ይህን ይሠራል?» በእርጥብ እጇ ግንባሯን መታች። «ኳሱ ለእኔ ምኔ ነው? ከላይ ይሁን ከታች የሚገባው እንኳ አላውቅ! ሂጂ ልብስሽን ልበሺ!»

ጁዋይሪያ ቆማ ቀረች። ባለፈው ሳምንት። ሦስት ቢጫና አንድ ቀይ እያለ። ይሳቃል ወይስ ይለቀሳል? ከሩቅ አዛን አለ፣ ቀጠን ብሎ፣ በነፋስ እየተቆራረጠ፤ ባዶ ሆዷን ጾም ያዘች።

ባጃጁ ከዓዲ ሓቂ ወደ መናኸሪያ ሲወርድ የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ከጨለማው እየተለየ ነው። ኣረጋሽ በፌስታል ዳቦና እንቁላል ሸክፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት፣ «መንገድ ላይ ብዪ» አለች፣ «እጾማለሁ ኣደይ» ስትላት ደግሞ ግንባሯን መታች፣ «ለተፈታኟ ስጫት እንግዲያ፣ ለጎበዟ» አለች፣ የደሴን አውቶቡስ ሹፌር መርሳ ላይ ካላወረድካት ብላ በትግርኛ ያን ያህል ዛተችበት። አውቶቡሱ ሲነሣ ጁዋይሪያ ስልኳን አወጣች። «ተሳፍሬያለሁ።» «ጨዋታውስ?» አለች ፊርዶስ። «ተይው» አለች ጁዋይሪያ። ማይጨው አለፈ፣ የግራ ካሱ ጠመዝማዛ አለፈ፣ ቆቦ ላይ ሙቀቱ ገባ፣ ተኝታ ነቃች፣ ጀሪካን እየሞላ ነበር፣ ቆርኪ እየወደቀ ነበር፣ ወልድያ ነበር።

መርሳ ስትወርድ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አስፋልቱ ይነዳል። ቀይ ሻርፕ ትፈልጋለች፣ ከማንጎ ሻጮቹ መሀል፣ ከባጃጆቹ መሀል፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስትለያት ትከሻዋ ላይ ትደርስ የነበረችውን ልጅ። የለችም። አረንጓዴ የለበሰች ረጅም ሴት መንገዱ ዳር ቆማለች፣ ጁዋይሪያ አለፈቻት፣ ትከሻ ለትከሻ ነክታት፣ ይቅርታም ብላታል።

«ጁዌ! አልፈሽኝ ልትሄጂ ነው?»

ዞረች። ፊቱ የአባቷ ነው። አገጩ የአባቷ ነው። ከእርሷ በጭንቅላት ትበልጣለች፣ እየሳቀች ነው፣ ዓይኗ ግን አይስቅም፣ ምክንያቱም የገዛ እህቷ አላወቀቻትም። «ሻርፕሽስ?» አለች ጁዋይሪያ። «ሻርፕ! እርሱማ ድሮ ነው የተቀደደው» አለች ፊርዶስ። ማሊያ ቀይረው ነው፣ ያው እነርሱ ናቸው፤ ቸርነት ነግሯት ነበር እኮ። አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ አንገቷ ጋ ለመድረስ በእግር ጣቷ መቆም ነበረባት።

በዚያው ሌሊት፣ ለሰኞ አጥቢያ፣ ሱሑር ላይ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሣች። መቐለ በሩ አሁን ተከፍቷል፣ ኣረጋሽ ራሷ ሻይ እያፈላች ነው፣ ተኽለና ቸርነት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠላት ሆነዋል። እዚህ ፊርዶስ በኩራዝ ብርሃን የኣረጋሽን ዳቦ እየበላች እርሳሷን ትቀርጻለች፣ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ላጲስ። ሱብሒ ሰግደው ሲያበቁ በሩ ላይ ቆማ፣ «ዱዓ አድርጊልኝ» አለች። ጁዋይሪያ እጆቿን ዘረጋች። ምላሷ ለሁለት ሳምንት የለመደውን ያውቃል፣ ያ ረቢ ቢጫዎቹን ሊል ደረሰ፣ ያዘችው፣ መለሰችው፣ ባዶ እጇን እያየች ቆየች፣ ምን ተብሎ ይለመናል? በመጨረሻ፣ «ይቺን» አለች። «ይቺን አግዛት።» ፊርዶስ አሚን ብላ ወጣች፣ ረጅሙ ጥላዋ የማሽላውን ማሳ ዳር ዳር ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ።

«ጁዋይሪያ፣ አንሺኝ» አለች እናቷ።

በብብቷ ሥር ገብታ አነሣቻት። ትቀላለች። ጨርቁን ቀየረችላት፣ ጀርባዋን አጠበችላት፣ ረሒማ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ሳትነክስ ቆየች። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ዝም አለ።

«ማነው?»

«ኣደይ ናት መሰለኝ። ጨዋታው አልቆ ነው።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

ጁዋይሪያ በክፍት በሩ ወደ መንገዱ አየች። እናቷን ወደ ራሷ ጠጋ አድርጋ፣ እንዳትወድቅ በሁለት እጇ ያዘቻት።

«ገና ነው፣ እማዬ» አለች። «ነገ ማታ ነው የሚያልቀው።»